ባቄላን ከስንዴ ማፈራረቅ፦ በሥር ባክቴሪያዎች ላይ የተመሠረተ የአሠራር መመሪያ

በደጋው አካባቢ ስለ ሰብል ፈረቃ በተነሣ ቁጥር የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። «አፈራርቁ ተባልን፤ ባቄላ ዘራን፤ በዓመቱ ስንዴ መለስንበት፤ ስንዴው ግን ከጎረቤት ማሳ የተለየ ነገር አላሳየንም» ይላሉ ገበሬዎች። ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ባቄላ በራሱ መሬት አያለማም፤ የሚያለሙት በሥሩ ላይ የሚያድሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ ከሌሉ፣ ወይም ኖረው ካልሠሩ፣ ባቄላው እንደ ስንዴው ሁሉ ከመሬቱ ወስዶ የሚሄድ ሰብል ይሆናል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ፈረቃን ከላይ ከሚታየው ሰብል ሳይሆን ከሥሩ ጀምሮ ያቅዳል። ለምሳሌነት የተወሰደው የባቄላና የስንዴ ፈረቃ ሲሆን፣ አተር፣ ምስር ወይም ሽምብራ የሚዘሩ ሰዎች የሚለያዩባቸው ነጥቦች በየቦታቸው ተጠቅሰዋል። ሥራው ሁለት የመኸር ወቅቶችን ይፈጃል፤ የሚጀመረውም ዘር በሚዘራበት ሰኔ ሳይሆን መሬቱ ገና ደረቅ በሆነበት በበጋው ነው።

ስለ ባክቴሪያዎቹ ጥቂት

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ተክል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ሪዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ይህንኑ ናይትሮጅን ተክል ወደሚወስደው ዓይነት ይለውጡታል። ሄልሪገልና ዊልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ጥራጥሬ ናይትሮጅኑን የሚያገኘው በሥሩ እብጠቶች አማካይነት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1888 አሳዩ፤ በዚያው ዓመት የሆላንዱ ቤይሪንክ ባክቴሪያውን ከእብጠቱ ለይቶ አሳደገው። ገበሬው ግን ጥራጥሬ ያረፈበት መሬት እንደሚሻል ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ያውቅ ነበር።

አሠራሩ የመቀባበል ነው። የባቄላው ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀውን ንጥረ ነገር የሚለየው ባክቴሪያ መልሱን ይሰጣል፤ የሥሩ ፀጉር ይጠቀለላል፤ ባክቴሪያው በዚያ ገብቶ ይራባል፤ ሥሩም ላይ ትንሽ እብጠት ይፈጠራል። ተክሉ ለባክቴሪያው ስኳር ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ለተክሉ ናይትሮጅን ይሰጣል። ስኳሩ ቀላል ዋጋ ስላልሆነ፣ ተክሉ በአፈሩ ውስጥ የተዘጋጀ ናይትሮጅን ካገኘ ወጪውን ይተወዋል፤ እብጠቱንም አይሠራም ወይም የሠራውን ይተወዋል። ይህ ነጥብ ከታች ናይትሮጅን ስለሚሰጠው የዩሪያ ማዳበሪያ ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ለዕቅድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ነገር ግን እያንዳንዱ ጥራጥሬ የራሱ ባክቴሪያ ያለው መሆኑ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ አንዱ የተዘራበት መሬት ለሌላው መነሻ ይሆናል። ሽምብራ የራሱ የተለየ ባክቴሪያ አለው። አኩሪ አተርም እንዲሁ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በቅርብ ዘመን በመሆኑም ባክቴሪያው በአብዛኛው ማሳ ውስጥ አይገኝም። አብሽ ከአልፋልፋ ጋር ይመደባል፤ ቦሎቄና ግብጦ ደግሞ ለየብቻቸው ናቸው። «ጥራጥሬ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ የአኩሪ አተር ባክቴሪያ ለባቄላ የገዛ ሰው ገንዘቡን አፈር ውስጥ ቀበረው ማለት ነው።

1. ማሳውን በበጋ መርምሩ

በመጀመሪያ የማሳውን ታሪክ ጻፉ፤ ባለፉት አምስት ዓመታት በየዓመቱ ምን እንደተዘራ፣ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደገባ፣ ውሃ የሚተኛበት ጥግ የት እንደሆነ ይመዝገብ። አምስቱም ዓመት «ስንዴ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ስንዴ» ከሆነ፣ በአርሲና በባሌ ብዙ ቦታ እንደሚታየው፣ የባቄላው ባክቴሪያ ቁጥር ዝቅ ማለቱን አስቀድማችሁ ገምቱ። ባክቴሪያዎቹ ያለ ባቄላ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ግን ቶሎ ይመናመናሉ።

ከዚያ የአፈር ናሙና ይወሰድ። ማሳውን በዚግዛግ እየተራመዳችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታዎች ላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ፤ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ እኩል ቆንጥራችሁ በንጹሕ ባልዲ ደባልቁ፤ አንድ ኪሎ ያህሉን በጥላ አድርቃችሁ ወደ አፈር ላቦራቶሪ ላኩ። የአጥር ሥር፣ የከብት በረት የነበረበትና አሮጌ የኩበት ክምር ያረፈበት ቦታ አይቀላቀል፤ እነዚህ ውጤቱን ያሳስታሉ። ከላቦራቶሪው በዋናነት የምትጠይቁት የአሲዳማነት መጠኑን፣ ማለትም ፒ.ኤች. የሚባለውን ነው።

ከ5.5 በታች ከሆነ ባክቴሪያ ከመግዛት በፊት ኖራ ይቅደም። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፤ ባክቴሪያው በሥሩ ፀጉር እንዲገባ የሚያስፈልገው ካልሲየም ያንሳል፤ ናይትሮጅን የሚለውጠው ኢንዛይም ያለ እርሱ የማይሠራበት ሞሊብዲነም ደግሞ በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። ኖራ ሦስቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ያቃልላል። መጠኑ በላቦራቶሪው ውጤት ይወሰናል እንጂ ከጎረቤት አይቀዳም። ኖራው ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። በአፈሩ ላይ ብቻ ተበትኖ የቀረ ኖራ በዚያ ዓመት ለሥሩ አይደርስም።

መሬቱ ዋልካ ከሆነ ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ ኮምጣጣነት ሳይሆን ውሃ ነው። እብጠቶቹ አየር ይፈልጋሉ፤ ውሃ በተኛበት ጥቁር አፈር ውስጥ ባቄላው ለጥቂት ቀናት ከቆየ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ያቆማሉ፤ ሥሩም ለጥቁር ሥር አበስብስ በሽታ ይጋለጣል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በእጅ ሰፋፊ መደብ እየሠሩ ውሃውን በቦዩ የሚያወጡበት ዘዴ ለዚህ የታወቀ ነው፤ በበሬ የሚጎተተው የመደብ ማውጫ መሣሪያም ያንኑ ያደርጋል። በዋልካ ላይ ውሃ ሳያጠነፍፉ ባክቴሪያ መጨመር ጉም መዝገን ነው።

2. የፈረቃውን ቅደም ተከተል ወስኑ

ባቄላን በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ፣ ወይም በየሁለት ዓመቱ መመለስ ባክቴሪያውን ቢያበዛም በሽታውንም ያበዛል። ሦስት ዓመት ማራራቅ የተሻለ ነው። በብዙ የደጋ ማሳ የሚስማማው ቅደም ተከተል ባቄላ፣ ስንዴ፣ ከዚያ ገብስ ወይም ጤፍ፣ ከዚያ ተልባ ወይም ጎመን ዘር፣ ከዚያ ተመልሶ ባቄላ ነው። ባቄላው ያተረፈውን ናይትሮጅን የሚበላው ስንዴ ወዲያው ይከተል፤ ሁለተኛው እህል ያነሰ ፍላጎት ያለው ይሁን።

በባቄላ ፋንታ በአንዱ ዙር አተር ወይም ምስር መግባት ይችላል፤ የባክቴሪያው ዓይነት አንድ ስለሆነ ከቀድሞው ዙር የቀረው ባክቴሪያ ይጠቅማል። የሥር በሽታዎችም ግን በጥራጥሬዎቹ መካከል ሊተላለፉ ስለሚችሉ፣ ባቄላው ሥሩ ጠቁሮ በሞተበት ማሳ አተር በማስገባት በሽታውን አመለጥሁ ብሎ መተማመን አይገባም።

ጥቅሙ ናይትሮጅን ብቻ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ናይትሮጅን በሚለወጥበት ጊዜ ከእብጠቱ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ይህን ጋዝ የሚመገቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች በሥሩ ዙሪያ ይበዛሉ፤ ተከታዩ ሰብል የተሻለ የሚያድግበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ተጠንቷል። ስንዴ በስንዴ ላይ ሲደጋገም የሚከማቹት የሥር በሽታዎችም በባቄላው ዓመት የሚያድሩበት ተክል ያጣሉ። በሌላ በኩል፣ ለሁሉም ነገር ልዩ ሁኔታ አይጠፋምና፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛትና በሆላንድ ስንዴ ለብዙ ዓመታት ብቻውን በተዘራባቸው ማሳዎች «ቴክ ኦል» የተባለውን የሥር በሽታ የሚያፍኑ ሱዶሞናስ የተባሉ ባክቴሪያዎች በዝተው በሽታው ራሱ እንደቀነሰ ታይቷል። ይህ ግን ብዙ ምርት የጠፋባቸውን ዓመታት ካለፉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ለትንሽ ማሳ ባለቤት ምክር አይሆንም።

3. ሕያው ማዳበሪያውን ምረጡና ጠብቁ

ባቄላ በአገራችን ለዘመናት የኖረ ሰብል ነውና በብዙ ማሳ ውስጥ ተስማሚው ባክቴሪያ አለ። ስለዚህ «ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም በጥቅል የሚሸጠው ባክቴሪያ፣ ያስፈልገኛል?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከማሳ ማሳ ይለያያል። ለአኩሪ አተር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚዘራበት ማሳ ጥያቄው አይነሣም፤ ያስፈልጋል። ለባቄላ የተሻለው መንገድ በመጀመሪያው ዓመት በከፊል ሞክሮ ማየት ነው፤ ሙከራው በ6ኛው ክፍል ተገልጿል።

ስትገዙ ሦስት ነገሮችን ከጥቅሉ ላይ አንብቡ፦ ለየትኛው ሰብል እንደሆነ፣ መቼ እንደተመረተና መቼ እንደሚያበቃ። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት ተሸካሚ ብቻ ነው፤ የገዛችሁት በውስጡ ያለውን ሕይወት ነው። ሙቀት ይገድለዋል፤ ፀሐይ ይገድለዋል፤ መድረቅም ይገድለዋል። ከገበያ ስትመለሱ በመኪና መስኮት ሥር ወይም በፀሐይ በጋለ ከረጢት አትያዙት፤ ቤት ስትደርሱ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ውስጥ የሸክላ እንስራ አጠገብ ያለው ቀዝቃዛ ጥግ ይሻላል። ከማዳበሪያና ከፀረ ተባይ ጋር በአንድ ዕቃ አይቀመጥ።

4. ዘሩን አልብሱ

ለሩብ ሄክታር የሚሆን 50 ኪሎ ያህል የባቄላ ዘር ይዘጋጅ። በዚህ ስፋት በተለምዶ አንድ የ125 ግራም ጥቅል ይበቃል፤ በሄክታር 500 ግራም ማለት ነው፤ የያዛችሁት ጥቅል ሌላ መጠን ካዘዘ ግን ጥቅሉን ተከተሉ። ዘሩ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ከታሸ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ባክቴሪያውንም ስለሚገድሉ ሌላ ዘር ይፈለግ።

ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 50 ግራም ያህል ስኳር አሟሙ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ከመሸ ቀድታችሁ በሰፊ ዕቃ ሳይከደን አሳድሩት፤ የምንጭ ወይም የዝናብ ውሃ ካለ የተሻለ ነው። ስኳሩ ዱቄቱ ከዘሩ ጋር እንዲጣበቅ ያደርጋል። ዘሩን በጥላ ሥር በንጹሕ ሸራ ላይ ዘርጉት፤ የስኳሩን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየረጫችሁ በእጅ አገላብጡ። ዘሩ ሊያብረቀርቅ እንጂ ሊንጠባጠብ አይገባም፤ ውሃ ከበዛ ቆዳው ይላላል፤ ባቄላ ደግሞ ቆዳው ከላላ በአያያዝ ይሰነጠቃል። ዱቄቱን በላዩ በትናችሁ እያንዳንዱ ፍሬ ስስ ጥቁር ካባ እስኪለብስ ድረስ አገላብጡ። በዚያው ጥላ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ይናፈስና ወዲያው ወደ ማሳ ይሂድ።

የማልረሳው አንድ ስሕተት የራሴ ነው። ዘሩን በማለዳ አለበስን፤ በሬዎቹ ግን እስከ ቀትር አልመጡም፤ ግማሹ ዘር በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ፀሐይ ላይ ቆየ። በነሐሴ መጨረሻ ማሳው ላይ ስንቆም ድንበሩ እንደ ክር ይታይ ነበር፤ በማለዳ የተዘራው ወገን ጥቁር አረንጓዴ፣ ከቀትር በኋላ የተዘራው ወገን ደግሞ ገርጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥማድ በቦታው ሳይቆም ዘር አይለብስም።

የሚዘራው በመስመር ነው፤ በመስመሮች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር። ማዳበሪያው ከዘሩ ጋር እንዳይነካካ በመጀመሪያ በቦዩ ውስጥ ገብቶ በስስ አፈር ይሸፈን፤ ዘሩ ከላዩ ይቀመጥ፤ ወዲያው ይሸፈን። ማሳው በከፊል ያልለበሰ ዘር የሚዘራበት ከሆነ፣ ያልለበሰው አስቀድሞ ይዘራ፤ ባክቴሪያው በእጅና በዕቃ ስለሚተላለፍ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ንጽጽሩ ይበላሻል።

5. ማዳበሪያውን በባክቴሪያው ልክ ስጡ

ፎስፈረስ አይቀነስ። ናይትሮጅን የመለወጥ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያንን ጉልበት የሚያቀርበው ተክል ያለ ፎስፈረስ አቅም የለውም። ኤን.ፒ.ኤስ. የሚባለው ማዳበሪያ በኩንታል 19 ኪሎ ናይትሮጅንና ከፍ ያለ ፎስፈረስ፣ ጥቂት ሰልፈርም ይዟል፤ አንድ ኩንታል በሄክታር ቢገባ ናይትሮጅኑ ለማስጀመሪያ ይበቃል። እብጠት ወጥቶ ሥራ እስኪጀምር ሦስት አራት ሳምንት ይወስዳልና በዚያ መካከል ቡቃያው ትንሽ ቢገረጣ አትደንግጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገርጣ ብሎ ዩሪያ ይነሰንስበታል፤ ባቄላው ለጥቂት ሳምንታት ያምራል፤ ከመሬት በታች ግን ባክቴሪያው ሥራ ፈትቷል። እንዲህ ዓይነቱ ባቄላ ቢያምርም ለስንዴው የሚያወርሰው ነገር የለውም።

አረም በጊዜው ይነቀል። ከዚህ ሌላ በዚህ ወቅት የሚደረግ ነገር የለም።

6. በአበባው ጊዜ ሥሩን ንቀሉና እዩ

ፈረቃው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው የሚታወቀው በስንዴው አጨዳ ሳይሆን በባቄላው አበባ ጊዜ ነው፤ አበባው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ይሆናል። ከመመሪያው ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ የሚፈጸም ቢሆን ይህ ይሁን።

ከማሳው ከአምስት የተለያዩ ቦታዎች ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አሥር ተክሎች ምረጡ፤ የማሳው ጠርዝ አይሁን። በእጅ ጎትታችሁ አትንቀሉ፤ እብጠቶቹ አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ ከዚያም «የለውም» ትላላችሁ። በተክሉ ዙሪያ አንድ ስንዝር ርቃችሁ በአካፋ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ቆፍሩ፤ ከነአፈሩ አንሡት፤ በባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አፈሩ በራሱ እስኪለቅ ጠብቁ። ከዚያ ሥሩን ነጭ ነገር ላይ ዘርጉት።

እብጠቶቹን እዩ። በዋናው ሥር ላይና ከግንዱ ሥር አቅራቢያ የተከማቹ፣ ሞላላ ትልልቅ እብጠቶች ጥሩ ምልክት ናቸው፤ ባክቴሪያው ከጅምሩ ገብቷል ማለት ነው። በጎን ሥሮች ላይ ብቻ የተበተኑ ጥቃቅን ነጭ ፍሬዎች ግን ብዙ ሆነው ሳይሠሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ቁጥሩ አይበቃም፤ ከእያንዳንዱ ተክል አምስት እብጠቶች በጥፍር ሰንጥቃችሁ ውስጡን ተመልከቱ። እየሠራ ያለ እብጠት ውስጡ ቀይ ነው፤ ገና የታረደ ከብት ሥጋ ይመስላል፤ ጥፍርም ላይ ሮዝ ቀለም ይተዋል። ይህን ቀለም የሚሰጠው ከደማችን ቀለም ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሥራው ለባክቴሪያው ኦክስጅንን በልክ ማቀበል ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና አልደረሰም፣ ወይ የማይሠራ ባክቴሪያ ይዟል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፏል። የአሥሩን ተክሎች ውጤት በደብተር ጻፉ፤ ከ50ዎቹ እብጠቶች ስንቱ ቀይ ነበር?

ከአብዛኞቹ ውስጥ ቀይ ከታየ ደህና ነው። እብጠት ከሌለ ወይም ነጭ ከበዛ፣ ምክንያቱን የሚነግራችሁ በሰኔ ያዘጋጃችሁት ሙከራ ነው። ማሳው ውስጥ ሦስት አጫጭር መደቦች ትለያላችሁ፤ አንዱ ምንም ያልለበሰ ዘር፣ ሁለተኛው የለበሰ ዘር፣ ሦስተኛው ያልለበሰ ሆኖ ዩሪያ የተሰጠው። ሦስቱም ፎስፈረስ እኩል ያገኛሉ። ውጤቱ እንዲህ ይነበባል፦ ሦስቱም እኩል አረንጓዴ ከሆኑ የማሳው ነባር ባክቴሪያ ይበቃልና ለሕያው ማዳበሪያ ገንዘብ አታውጡ። የለበሰውና ዩሪያ ያገኘው አምረው ያልለበሰው ከገረጣ፣ ሕያው ማዳበሪያው ጥቅም ሰጥቷል። ዩሪያ ያገኘው ብቻ ካማረ፣ ወይ የገዛችሁት ሞቶ ነበር፣ ወይ ኮምጣጣነቱ ወይም ውሃው ገድሎታል። ሦስቱም ከገረጡ ችግሩ ናይትሮጅን አይደለም፤ ወደ አፈሩ ውጤት ተመለሱ።

7. ስታጭዱ ሥሩን ለመሬቱ ተዉ

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ያስፈልጋል። የባቄላ ፍሬ 26 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ይህም 4 በመቶ የሚሆን ናይትሮጅን ማለት ነው። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ቢገኝ 80 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን በጆንያ ከማሳው ይወጣል፤ በዩሪያ ቢተመን 175 ኪሎ ገደማ። ባክቴሪያዎቹ በደንብ ከሠሩ ከዚህ የሚበልጥ ከአየር ያስገባሉ፤ ካልሠሩ ግን ይህ ሁሉ የሚወጣው ከመሬቱ ነው። «ባቄላ ዘርቼ መሬቱን አሳረፍሁ» ያለ ገበሬ መሬቱን አሠርቶት ይሆናል።

ጆንያው የሚወስደውን ከወሰደ በኋላ የሚቀረው በሥሩ፣ በቅጠሉና በገለባው ውስጥ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ባቄላ በእጅ ይነቀላል፤ ይህ እብጠቱን ከነሥሩ ወደ አውድማ ያጓጉዛል። በማጭድ ይታጨድ። ስለ ገለባው ለገበሬ «ማሳው ላይ ተወው» ማለት ለጽሑፍ ይቀላል እንጂ በበጋ የሚበላ ያጣ በሬ ላለው ሰው ምክር አይደለም። ለከብቶቹ ይሰጥ፤ ነገር ግን ፋንድያውና ሽንቱ ከተነጠፈው ድርቆሽ ጋር ተጠራቅሞ ብስባሽ ሆኖ ወደዚያው ማሳ ይመለስ። ኩበት ሆኖ ከተቃጠለ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ማገዶ ባጣ ቤት ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢያንስ ግን ከባቄላው ማሳ የተነሣው ገለባ ፋንድያ ወደ ምድጃ ከሚሄደው ተለይቶ ይጠራቀም።

8. ስንዴውን በባቄላው ቦታ ዝሩ

በደረቁ ወራት የባቄላው ሥርና እብጠት ብዙ አይበሰብስም። በልግ ወይም የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ደረቅ አፈር ላይ ሲወርድ ባክቴሪያዎች በድንገት ይነቃሉ፤ ናይትሮጅኑም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በርች የተባለ በኬንያ የሠራ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት የገለጸው ይኸው በመሆኑ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ለገበሬው የሚሰጠው ትርጉም ቀላል ነው፦ ይህ ናይትሮጅን ተቀባይ ሥር ሳያገኝ ከቆየ በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል፤ በዋልካ ደግሞ ውሃ ሲተኛ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይመልሱታል። ስለዚህ ከባቄላ በኋላ ያለው ማሳ ለስንዴ ቀድሞ ይታረስ፤ ዝናቡ እንደጀመረም በአካባቢው የመዝሪያ ጊዜ ከሚፈቅደው ሳይዘገይ ይዘራ። ከሁለት ማሳዎች አንዱን ቀድማችሁ መዝራት የምትችሉ ከሆነ የባቄላው ማሳ ይቅደም።

በዩሪያው ላይ ግን አትቸኩሉ። ባቄላ የነበረበት ማሳ ላይ ዩሪያን ወዲያው በግማሽ ቀንሰው ስንዴያቸው የገረጣባቸው አሉ። በመስከረም የጻፋችሁት ቁጥር መሪያችሁ ይሁን። ከ50 እብጠቶች 40ው ቀይ ነበሩ እንበል፤ ገለባውም በብስባሽ ተመልሷል፤ ያን ጊዜ በማሳው ትልቁ ክፍል ላይ ዩሪያውን በሲሶ ቀንሳችሁ በአንድ ጠባብ መደብ ላይ ሙሉውን ስጡ። ስንዴው ሲያቆጠቁጥ ሁለቱ ልዩነት ካላሳዩ በሲሶ መቀነሱ ትክክል ነበር፤ ሙሉው ያገኘው በግልጽ ከበለጠ ደግሞ ሁለተኛውን የዩሪያ ዙር ለመጨመር ገና ጊዜ ካለ ጨምሩ። ከ50ው ቀይ የነበሩት 10 ብቻ ከሆኑ ግን ምንም አትቀንሱ፤ ከባቄላው በዚያ ዓመት የምትጠብቁት የበሽታ እረፍቱን ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ትንሽ አይደለም። በአርሲ በቁሉምሳ ምርምር ማዕከል በተደረጉ ሙከራዎች ስንዴ ከባቄላ በኋላ በስንዴ ላይ ከተዘራው የተሻለ ምርት ሰጥቷል፤ ከዚያ ጥቅም አንዱ ክፍል ከናይትሮጅን ውጭ የመጣ ነው።

9. መዝገቡን እስከሚቀጥለው ባቄላ አቆዩ

ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ ገጽ ይኑር። በገጹ ላይ የፒ.ኤች. ቁጥሩ፣ ኖራ የገባበት ቀን፣ የሕያው ማዳበሪያው የሚያበቃበት ጊዜ፣ ዘሩ የለበሰበትና የተዘራበት ሰዓት፣ ከ50ው ቀይ የነበረው ብዛት፣ የባቄላው ምርት፣ ገለባው የሄደበት፣ ለስንዴው የተሰጠው ዩሪያና የስንዴው ምርት ይጻፍ። ከሦስት ዓመት በኋላ ባቄላው ሲመለስ ያለ ሕያው ማዳበሪያ አንድ መደብ እንደገና ዝሩ። የዚያ መደብ እብጠቶች ከመጀመሪያው ዓመት ይልቅ ቀልተው ከተገኙ የተከላችሁት ባክቴሪያ በአፈሩ ተቀምጧል ማለት ነውና በዚያ ማሳ የሕያው ማዳበሪያ ግዢ ሊቆም ይችላል፤ እንደገና ነጭ ከሆኑ ግን ኖራው በቂ እንዳልነበረ ጠርጥሩና ሌላ የአፈር ናሙና በበጋው ውሰዱ።